ምክትልና የአባትህ ተዝካር

ልደታ ኮንዶሚኒየም
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ በዕውቀቱ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? የደወሌ ፀሐይስ እንዴት አድርጋሃለች? በደንብ ትበላለህ ወይ? የማግባትህስ ነገር ምን ደረሰ? እኔ ደህና ነኝ። ስልኩን ለምን አታነሺም ብለህ ለተቆጣኸው፣ ስልኩ አልተበላሸም፣ እኔም አልተቀየምኩህም። የተበላሸው ጆሮዬ ነው። ስትደውል የሚሰማኝ ጭው የሚል ነገር ብቻ ነው። አዎ አዎ እያልኩ ያለቦታው ከምስቅብህ ብጽፍልህ ይሻላል። ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ልጅ አንድ ገጽ አያቅተኝም።

ምድር ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሳዲያ የኔን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ ያንተን ደግሞ ፊደሉን አተልቃ ታትምልኛለች። እንግዲህ የምንጽፈውን ሁሉ እሷም ታነበዋለች ማለት ነው። ሳዲያ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ሰላም ብዬሻለሁ።

ፋሲካ እንዴት ዋለ ላልከኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤት አልተለየኝም። ምክትል ግን ደህና አይደለም። ሁዳዴን ሙሉ ከኔ ጋር ሽሮ ፍትፍት ሲበላ ከርሞ፣ ለፋሲካ የብሎካችን ሰው ሁሉ አዘነለት። ከታች እስከ ላይ የዶሮ አጥንት ያልላከለት ቤት የለም። እሱም ሳምንቱን ሙሉ ሲቆረጥም ሰነበተ፤ እኔም እሰይ፣ ጾምህን ፈታህ እያልኩ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ግን እህል አልቀመሰም። በሩ ሥር ተጋድሞ ዓይኑን ብቻ ያንከባልላል። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ይመድብልኛል ብሎ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ቡችላ ታቅፎ መጥቶ «ይኸው፣ ራሴ ሾምኩ» ያለ ዕለት እንዴት እንደሳቅን ታስታውሳለህ? ያ ቡችላ አሁን ሽማግሌ ሆኗል።

የላክኸው ገንዘብ ደርሶኛል። የአባትህን ሰባት ዓመት ተዝካር ከነፍስ አባቴ ከአባ ጋር ተነጋግረን ለግንቦት 24፣ ለእሑድ፣ ቆርጠናል። ሁለት በግ፣ ጠላና ድንኳን ይበቃናል። የደብረ ብርሃን አጎቶችህም ሰምተዋል። ከሁሉ በላይ አንተ ትመጣለህ። እኔ ቀኑን የምጠብቀው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሱ ነው።

እናትህ ታየች


ደወሌ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን የምሠራበት ጉምሩክ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ኔትወርኩ ከዚያ አያልፍም። ጽሕፈትሽ አሁንም እንደ ታይፕ ነው። በደንብ ትበላለህ ወይ ላልሽኝ፣ እበላለሁ። ፓስታና ሩዝ፣ ሩዝና ፓስታ። ነፋሱ አሸዋውን እያመጣ ቅመሙን ይጨምርበታል። ስለዚያ ስለ ሌላው ጥያቄሽ ደግሞ ሳዲያ እያነበበችው አልመልስም። ስመጣ እናወራለን።

ፈቃዴ ተፈርሟል። እዚህ ጠረፍ ላይ ፈቃድ ለማግኘት ወረፋ ነው። አለቃዬ ከሰው ያስቀደመኝ የአባቴ ሰባት ዓመት ነው ስላልኩት ነው። ሦስት ቀን አብሬሽ እሆናለሁ። ለቀብሩ ያኔ ከምሠራበት ከጅጅጋ ተነስቼ ስደርስ ሰው ተመልሶ እጁን ታጥቦ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ መስዬ ነው የገባሁት። በዚህኛው ድንኳን ግን በሩ ላይ ቆሜ ሰው የምቀበለው እኔ ነኝ። ይኼን ነገር ምን ያህል እንደምፈልገው ነግሬሽ አላውቅም።

ምክትልን የእንስሳት ሐኪም ቤት ውሰጂውና አሳዪው። ለካርድና ለመድኃኒት የሚሆን አውጪ። ከዚያ ካለፈ ግን፣ እማዬ፣ አርጅቷል፤ ብዙም አትጨነቂ። የተዝካሩን ገንዘብ እንዳትነኪብኝ።

ልጅሽ በዕውቀቱ


ልደታ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ጌታ፣

እንዴት ሰነበትክ? በመጀመሪያ እንዳትቆጣኝ። ፓስታህ ላይ ቲማቲም ጨምርበት።

እንዳልከኝ አሳየሁት። ውሻ የሚጭን ታክሲ አጥቼ ሜክሲኮ ድረስ እየጎተትኩት ልሄድ ስነሳ፣ አንድ የላዳ ሾፌር «ብርድ ልብስ ካነጠፉለት» ብሎ ጫነን። ሐኪሟ ዶክተር ሴና የምትባል ልጅ ናት። ጆሮዬ እንደማይሰማ ስታውቅ መጮኽ ትታ ሁሉንም በወረቀት ጻፈችልኝ። ሰው እንዲህ ሲያከብረኝ ደስ ይለኛል። ራጅ አነሳችው። የዶሮ አጥንት አንጀቱ ውስጥ ተሰንቅሯል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ሸምበቆ እየተሰነጠቀ ውሻ ይገድላል ብላ ጻፈችልኝ። እኛ ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ተባብረን አበላነው። ማን የሰጠው አጥንት እንደሆነ ለማንም አልነግርም፤ ሁሉም በደግነት ነው።

ሆዱ ተከፍቶ አጥንቱ ካልወጣ ከሰኞ አያልፍም አለችኝ። ሰኞ ነገ ነው። ዋጋውን ስጠይቃት ጻፈችልኝ፤ እኔ ደግሞ በልቤ ወደ በግ መለስኩት። ከሁለቱ በጎች ትልቁን ይወስዳል። ሌላም መንገድ አለ፤ አንድ መርፌ ወግተውት ሳያመው ያሸልባል። የሱ ዋጋ ምንም አይደለም። የትኛውን ላድርግ ብላት ብዕሯን ለኔ ሰጠችኝ፤ መልሱ የኔ ነው ማለቷ ነው።

ለውሻ ይኼን ያህል? እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ያልነገርኩህን ልንገርህ። የግራ ጆሮዬ ጨርሶ ሄዷል። የቀኙም ከመሄዱ በፊት ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ሰው በሬን ሲያንኳኳ እኔ አልሰማም። ምክትል ካለበት ተነስቶ ይመጣና ጉልበቴን በአፍንጫው ይገፋኛል፤ ከዚያ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ካልተከተልኩት ተመልሶ ይገፋኛል። ድስት ሲገነፍል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጣ፣ የእድር ለፋፊው አለፈ፣ ሳዲያ ዳቦ ይዛ ወጣች፣ ይኼን ሁሉ የሚነግረኝ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሰው እደጄ ደርሶ የለችም ብሎ ይመለሳል፤ እኔም የመጣ የለም ብዬ እቀመጣለሁ።

አንዱ በግ ቢቀር እንግዳ ተርቦ አይሄድም ብዬ አስባለሁ። ገንዘቡ ያንተ ነውና ፍቀድልኝ። ዛሬውኑ መልስልኝ።

እናትህ


ደወሌ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ሁለት ቀን ኔትወርክ ጠፍቶብን ደብዳቤሽ የደረሰኝ አሁን ነው። ገና ካላደረግሽው፣ እኔ አልፈቅድም።

ልቤ የጨከነ እንዳይመስልሽ። ምክትልን እኔም እወደዋለሁ። ግን አንዱ በግ ሲቀር እዚያ ላይ እንደማይቆም ይታየኛል። አጎቶቼ ከደብረ ብርሃን መጥተው የሚበሉት ሲያንስ ለምን አነሰ ይላሉ፤ ለምን እንዳነሰ ሲሰሙ ደግሞ ለወንድማችን ተዝካር የታሰበው ለውሻ ሆነ ብለው ያወሩታል። ያ ወሬ ካንቺ ዕድሜ በላይ ይኖራል። አባዬ ሰው ወዳጅ ነበር። በስሙ ሰው ጠግቦ እንዲሄድ እፈልጋለሁ።

የጆሮሽን ነገር እስካሁን መደበቅሽ ደግሞ አናዶኛል። ለጆሮ መሣሪያ አለው። ለምን ለኔ ሳትነግሪ ለውሻ ትነግሪያለሽ? ስመጣ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። እስከዚያው ሳዲያ በየቀኑ ብቅ ትበልልሽ።

እባክሽ መርፌውን አስወጊው። አይሠቃይ። እኔ አጽናናሻለሁ።

በዕውቀቱ


ልደታ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልፈቅድም ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምክትል ሆዱ ተከፍቶ ተሰፍቶ ነበር። ሰኞን እጄን አጣጥፌ ማሳለፍ አልቻልኩም። መልስህን እስከ ቀትር ጠበቅኩ፤ ከዚያ ፈረምኩ። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። አጥፍቼአለሁ ብዬ ግን አላምንም፤ ይኼንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ሦስት ቀን ደህና ነበር። ለግንቦት ልደታ የብሎካችን ሴቶች እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ቆርሰን ተቀመጥን። እኔ የሚሉት ስለማይሰማኝ ሲስቁ እስቃለሁ። መሀል ላይ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አንዷ የሆነ ነገር ተናግራለች። ሳዲያ ምን እንዳለች ልትነግረኝ አልፈለገችም። እኔ ግን ፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ የባሏን ተዝካር ለውሻ አደረገችው ነው። ንፍሮዬን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ቤት ወጣሁ። ቤት ስገባ የሚቀበለኝ አልነበረም፤ እሱ ያኔ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ይኼ ቤት እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለ አንድ መኝታ ነው ብለው ነበር የሰጡን።

ቅዳሜ ዕለት ዶክተር ሴና አስጠራችኝ። ስፌቱ ውስጥ ለውስጥ ለቅቆ መግል ይዟል። ድጋሚ መከፈት ነበረበት። ሁለተኛውን በግ ለዚያ ሰጠሁ። ለመድኃኒቱና ለመኝታው ደግሞ ጠላው ሄደ። ዛሬ ጠዋት የድንኳኑን ቀብድ ከባለቤቱ ለምኜ አስመለስኩ፤ እሱም ሄደ። በየጊዜው ይኼኛው የመጨረሻ ነው እላለሁ። እዚያ ላይ አይቆምም ያልከው እውነት ሆነ።

አባን አናገርኳቸው። ደነገጡና «ፍትሐቱ ድንኳን አይፈልግም፣ ልጄ፤ እሱን ለኔ ተዪው» ብለው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ስለዚህ ግንቦት 24 ልደታ ማርያም ጸሎቱ ብቻ ይሆናል። ሰው አልጠራም። አንተንም ያን ሁሉ መንገድ ለጸሎት ብቻ ና አልልህም፤ ድንኳን በር ላይ ቆመህ ሰው ልትቀበል ነበር የፈለግኸው፣ እኔ ድንኳኑን አፈረስኩብህ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ልጨርስ። አንተ የምትመጣው ለሦስት ቀን ነው። እሱ ግን በየማለዳው አለ። ስመርጥ ያየሁት ይኼን ነው።

እናትህ


ደወሌ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ለአጎቶቼ ደውዬ ተዝካሩ መቅረቱን ነግሬአቸዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ታመሻል ብለው እንዳይጨነቁ ደህና ናት ብያቸዋለሁ። ፈቃዴን ለሌላ ባልደረባ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ልጁን ክርስትና ያስነሳል።

ውሻሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

በዕውቀቱ ሸዋንግዛው


ልደታ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ በዕውቀቱ፣

እንደምን ከረምክ? ደብዳቤህን እስከ አባትህ ስም ፈርመህ ሳየው መሥሪያ ቤት የተመለስኩ መሰለኝ። ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው። ሳዲያን ግልባጭ ለማን ይሁን ልላት ፈልጌ ተውኩት።

አልተቀየምኩህም። ተቆጥተህ እንኳ ደህና ናት ብለህ ስላልክልኝ አመሰግንሃለሁ። ለባልደረባህም ልጅ እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ።

ያልጠየቅኸኝን ልንገርህና፣ ምክትል ደህና ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቷል። ትናንት ሾርባ ጠጣ፣ ዛሬ ደግሞ ትንሽ እንጀራ ነክቷል። ደረጃውን ቀስ እያለ መውረድ ጀምሯል። አሁንም ሰው ሲመጣ ይነግረኛል። ስለዚህ ገንዘብህ በከንቱ አልጠፋም። አባትህም ቢሆን የሾመው ሰው ሥራው ላይ በመቆየቱ ደስ ይለዋል።

ስለኔ አታስብ። ክረምቱ ሳይገባ የመስኮቱን መስታወት አስጠግናለሁ። አንተ ብቻ ፀሐይ ላይ ራስህን ሸፍን።

እናትህ ታየች

[ከገጹ ሥር፣ በሌላ ጽሕፈት]

ወንድም በዕውቀቱ፣ እኔ ሳዲያ ነኝ። የሰው ደብዳቤ ላይ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንዲሁ ፎቶ አንስቼ ልልክልህ አልቻልኩም። ምክትል እሑድ ዕለት ሐኪም ቤት ሞቷል። እትዬ ታየች እዚያ አይቀርም ብለው በላዳ አምጥተውት ከብሎካችን ጀርባ ቀበርነው። እኔ በሕይወቴ ውሻ ነክቼ አላውቅም፤ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬአቸው አወረድኩት። አላለቀሱም። የእጅ ቦርሳቸውን ይዘው እንደ ቀብርተኛ ቆመው ቆዩ፤ ከዚያ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወጥቼ አንኳኳሁ፤ አልከፈቱልኝም። ሰው ማየት ጠልተው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ይኼን ደብዳቤ ይዘው ሲወርዱ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳትዪ» ብለው ወቀሱኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ስለነበር ማንኳኳቴን አልነገርኳቸውም፣ ሲወጡ ግን አለቀስኩ። እባክህ እኔ እንደነገርኩህ አይወቁ።


ደወሌ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬዋ፣

እንዴት ነሽ? እንደዚያ መፈረሜን እኔም ስልከው አፍሬበት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ግልባጭ ለማንም አይሁን።

ፈቃዴን ለሰው ሰጠሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ተናድጄ ነው። ክርስትና የሚያስነሳው ባልደረባዬ የራሱ ፈቃድ አለው። የኔ አሁንም ተፈርሞ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ሁለቴ ልቀደው አውጥቼ መልሼ አስገብቼዋለሁ። ትናንት አለቃዬ ጋ ገብቼ ተዝካሩ ቀርቷል፣ ግን እናቴ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ አልኩት። ትንሽ አየኝና «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንደዚያ አትልም?» አለኝ።

ይኼ የአለቃዬ ቃል ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኔ ገንዘብ ስልክ እዚያ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ሁለት በግ ታርዶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ጠግቦ ሲሄድ ሁሉ ነገር የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። ሰው ከሄደ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚቀር አንድ ቀን አላሰብኩም። አንቺ ጻፍሽልኝ፤ እኔ የቆጠርኩት በጎቹን ነው።

ስለ ምክትል የጻፍሽልኝን አንብቤአለሁ። ስለሱ ከዚህ በኋላ በደብዳቤ አትጻፊልኝ። ስመጣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ትነግሪኛለሽ። ምን ያህል እንደወጣ ሳይሆን እሱን ንገሪኝ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከድሬዳዋ በሚመጣው አውቶቡስ እደርሳለሁ። እንዳትወርጂ፣ ራሴ እወጣለሁ። እሑድ ጠዋት ልደታ ማርያም አብረን እንሄዳለን። ሰኞ ደግሞ የጆሮ ሐኪም ጋ። እሺ በዪኝ።

ልጅሽ በዕውቀቱ


ልደታ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ዓለም፣

እሺ።

ሳዲያ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቅቷት ካርቶን ማስተካከል ጀመረች። ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ የተየበ ሰው ከገጹ ሥር ምን እንደተጨመረ ይጠረጥራል። አልተቆጣኋትም። ሻይ አፍልታ አጠጣችኝ። አንተም አውቀህ እንዳላወቀ መጻፍህን አየሁ። ከማን እንደተማርከው አላጣሁትም።

ለምን እንደዋሸሁህ ልንገርህ። ያንተን ድንኳን ለሱ ሰጠሁ፣ እሱም አልቆየልኝም። ሁለታችሁንም ባንድ ሳምንት አጥቼ እንዴት ብዬ ልጽፈው? ደህና ነው ብዬ ስጽፍ ለዚያች ሰዓት ደህና ሆኖልኝ ነበር።

ድጋሚ ብጠየቅ ምን አደርግ እንደነበር እያሰብኩ ነው። ለመጀመሪያው በግ አልጸጸትም። ለሁለተኛው ግን ዶክተር ሴና ወረቀቷን ይዛ ቆማ ስታየኝ፣ ይበቃዋል ማለት ነበረብኝ። እሱ ደክሞት ነበር። ልለየው ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንግዲህ ሳዲያ ሁለተኛ ሰው ሆና ሰማች።

ለእሑድ አንድ ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት እንቆርስላቸዋለን። አንተ ትቆርሳለህ፣ አንተ ትሰጣለህ። ለዚያ ድንኳን አያስፈልግም።

ቅዳሜ ስትመጣ ደረጃው መብራት የለውም፣ ግድግዳውን ይዘህ ውጣ። ደርሰህ ግን በሩን አታንኳኳ። መምጣትህን የሚነግረኝ የለም። በሩን ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ገፋ አድርገህ ግባ።

እናትህ ታየች